ኃይሉ ሆለታ ደርሷል፤ የካሣው ሂሳብ የማን ነው?

ኮልፌ አጣና ተራ በማለዳ ይነቃል። ባህር ዛፉ ከጭነት መኪና ይወርዳል፤ በውፍረትና በርዝመት ተለይቶ ይደረደራል፤ ዋጋው ይጠራል። አጣና ሻጩ ለሥራው ከጉልበትና ከደንበኛ በቀር ብዙ አይፈልግም። በአካባቢው ያሉት የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የብረታ ብረት ብየዳና የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ግን ሥራ የሚጀምሩት መብራት ካለ ነው። መብራት ከሄደ አማራጩ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ጄኔሬተር አስነስቶ በናፍጣ ዋጋ መሥራት፣ አለዚያም ሠራተኛ አስቀምጦ መጠበቅ። በሁለቱም መንገድ የዕለቱ ትርፍ ይበላል። በመጨረሻም ሂሳቡ በበሩ፣ በመስኮቱና በዱቄቱ ዋጋ ላይ ተደምሮ ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነጋዴው ይህን ቁጥር ከሰማ ወዲህ ይህን ያህል ኃይል እያለ መብራት ለምን ይጠፋል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከመልሱ ከፊሉ በየሰፈሩ ባረጀው ሽቦና ከአቅሙ በላይ በተጫነው ትራንስፎርመር ላይ ይገኛል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይወራለት ሌላው መልስ ግን ከኮልፌ ውጭ፣ ምሰሶ ሊተከልበት በታሰበ የሰው ማሳ ላይ ነው።

መንገድ የሚፈልግ ሸቀጥ

ኤሌክትሪክ እንደማንኛውም ሸቀጥ ከተመረተበት ወደሚሸጥበት መጓዝ አለበት። ልዩነቱ በጭነት መኪና አለመጫኑ ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨቱና የከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሩ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉና ሽያጩ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ነጋዴው ሁለቱንም ዛሬም ድረስ በአንድ ስም "መብራት ኃይል" ይላቸዋል። ቆጣሪውን የሚያነበው አንዱ፣ የምሰሶውን መንገድ የሚያስከፍተው ግን ሌላው ነው።

ከሕዳሴ ግድብ የሚነሳው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከጉባ ተነስቶ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። የግንባታው ውል በ2005 ዓ.ም. ከቻይና ኩባንያ ጋር ሲፈረም ወጪው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። መስመሩ ሁለት ክልሎችን አቋርጦ ግድቡን ቀድሞ አልቋል። ይህም የመስመር መንገድ በፍጥነት ማስከፈት በዚህ አገር የሚቻል መሆኑን ያሳያል። የሕዳሴው መስመር ግን አገር በሙሉ የሚጠብቀው ፕሮጀክት ነበር። ከሆለታና ከሌሎቹ ትላልቅ ጣቢያዎች ወደ ከተማው የሚገቡት ተራ መስመሮች እንደዚያ ያለ ሞገስ የላቸውም፤ የሚጓዙት በተራው አሠራር ነው።

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮልፌ ቀራንዮ የዋና ከተማዋ የምዕራብ በር ነው። ድንበሩን እንደተሻገሩ ቡራዩ ይገኛል፤ እርሱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሆለታ ወደ አለም ባንክ ወይም ወደ አየር ጤና የሚመጣ ኃይል ርቀቱ አጭር ቢሆንም የሁለት አስተዳደሮችን መሬት ይረግጣል።

ፈቃዱ ከላይ፣ መሬቱ ከታች

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ስለ መሬትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በአንቀጽ 52 መሠረት ግን መሬቱን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። አንቀጽ 40 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል።

በሥራ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። የኢነርጂ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ይመራል። ምሰሶው የሚቆምበት ቦታ ግን የሚገኘው ከክልሉ፣ ከከተማው፣ በመጨረሻም ከወረዳውና ከቀበሌው ነው። የንብረት ግምቱ እዚያው ይሠራል፤ ቅሬታውም እዚያው ይነሳል። መቶ ምሰሶ ያለው መስመር ዘጠና ዘጠኙን ተክሎ በአንዱ ቢቆም አንድም ሜጋ ዋት አያስተላልፍም። መንገድ ግማሹ ቢያልቅ መኪና ግማሹን ይሄድበታል። መስመር ግን ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ምንም አይደለም።

የካሣው ሕግ ከገበሬው አንፃር መሻሻሉ አይካድም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ይዞታውን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ የሚያገኘው የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ወደ 15 እጥፍ አሳደገው፤ ስሌቱም በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ እንዲነሳ አደረገ። ለምሳሌ ያህል ከማሳው በዓመት 60,000 ብር የሚያገኝ ገበሬ በዚህ ስሌት 900,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። አንድ መስመር በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ይዞታዎችን ሲነካ የካሣው ድምር ከባድ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

የክብደቱ ጥያቄ ነው በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን እንዲያሻሽል ያደረገው። በማሻሻያው ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ጭምር የካሣ ክፍያው ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች ተዛወረ።

ዕዳ ከሜዳ

ከማሻሻያው ጀርባ ያለው ምክንያት ከንቱ አይደለም። ግምቱን የሚሠራው ወረዳው፣ ከፋዩ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሲሆን ገማቹ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አይኖረውም፤ የሚወጣው የሌላ ሰው ገንዘብ ነውና። ራሱ የሚከፍል አስተዳደር ግን ግምቱን አይቶ ይገምታል። የመንገድ ፕሮጀክት ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ያስኬዳል። መንገድ የሚያልፍበት ወረዳ ራሱ ይጠቀምበታልና፤ ገበያ ይከፈትለታል፣ የመሬቱም ዋጋ ይጨምራል።

የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ግን እንደዚህ አይደለም። መስመሩ በገበሬው አናት ላይ ያልፋል እንጂ ቤቱ አይገባም። ከሽቦው ሥር እህል መዝራት ይቻል ይሆናል፤ ቤት መሥራትና ረጅም ዛፍ ማሳደግ ግን አይፈቀድም። እዚህ ላይ አጣና ተራ ያለ ነጋዴ ነገሩን ከማንም የበለጠ ይረዳዋል። ባህር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ዳግም ያቆጠቁጣል፤ አንዴ ተክሎ ደጋግሞ መቁረጥ ይቻላል። መስመር የሚያልፍበት ባለይዞታ የሚያጣው አንድ ጭነት አጣና ሳይሆን ለልጆቹ የሚተርፈውን ጉቶ ነው። በዚህ ማሳ ላይ የሚያልፈው ኃይል ተጠቃሚ ግን ኮልፌ ያለው ብየዳ ቤት፣ መርካቶ ያለው መደብር፣ አልፎም ኃይል የሚገዛው ጎረቤት አገር ነው።

እንግዲህ ተጠቃሚው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሲሆን የሚመጣውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ክልሉ ወይም ከተማው ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ በጀቱ ቀንሶ ለሌላ አካባቢ መብራት መንገድ እንዲከፍል ሲጠየቅ "ዕዳ ከሜዳ" ማለቱ አይቀርም። በግልጽ እምቢ ላይል ይችላል፤ ብቻ ይዘገያል። ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ ግምቱ አይጸድቅም፣ በጀቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የዘገየው ወጪ ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ኮልፌ ላይ በናፍጣ ይከፈላል።

ሌሎች የከፈሉት ዋጋ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የመስመር መንገድ ከጥንትም በየግዛቱ የሚፈቀድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ለአገር በሚያስፈልጉ ልዩ ኮሪደሮች ውስጥ የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በግዛቶች ምትክ ፈቃድ እንዲሰጥ በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ግዛቱ በግልጽ ከከለከለ ኮሚሽኑ ሊሽረው አይችልም ሲል ወሰነ። ይህን የሚያስተካክል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ኮሚሽኑም ዝርዝር ደንቡን በ2024 አወጣ። ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን የሥልጣኑ ክርክር አይደለም። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ለባለመሬቱ የሚከፍለው መስመሩን የሚሠራው ወገን መሆኑ አልተለወጠም። መስመሩ የሚያልፍበት ግዛት ካሣ ክፈል አልተባለም።

ከአሜሪካ ይልቅ የሚቀርበው ትምህርት ከኬንያ ይገኛል። በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተተከለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 365 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን አቅሙ 310 ሜጋ ዋት ነው። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው አለቁ፤ ወደ ሱስዋ የሚወስደው መስመር ግን አልደረሰም ነበር። አንዱ ምክንያት የመስመር መንገድ መሬት ማግኘት ሲሆን ሌላው የግንባታ ተቋራጩ መክሰር ነው። መስመሩ እስከ 2018 ሳይገናኝ በመቆየቱ የኬንያ ወገን ላልተጠቀመበት ኃይል በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ለመክፈል ተገዷል። ነፋሱ ይነፍሳል፣ ሂሳቡ ይቆጥራል፣ መብራቱ የለም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የኢትዮ ኬንያ መስመርም የሚያርፈው እዚያው ሱስዋ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከኃይል ሽያጭ ዶላር አገኛለሁ ስትል የምትተማመነው በእንዲህ ያለ ረጅም ሽቦ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ለገዢና ለደላላ

የመስመር መንገድ አስቀድሞ አለመታወቁ በመሬት ገበያውም ላይ ጠባሳ ይተዋል። በኮልፌ ዳርና ከድንበሩ ማዶ ከገበሬ እጅ በመንደር ውል የሚሸጥ ቦታ ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚረክስበት ምክንያት አለው። ከምክንያቶቹ አንዱ በላዩ ያለፈ ወይም ሊያልፍ የታሰበ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ በመንደር ውል የገዛ ሰው ግን ምሰሶው ሲመጣ ቤቱንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ ካርታውን ከማየት አልፎ የመስመር ኮሪደር ስለመኖሩ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤትና ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መጠየቅ ይገባዋል። ሐቀኛ ደላላም ይህን ጥያቄ ከገዢው ቀድሞ ቢያነሳ ስሙን ይጠብቃል።

መውጫው መንገድ

ለዚህ ችግር የሚበጀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማስተላለፊያ መስመር ካሣ ከሌሎች ፕሮጀክቶች ተለይቶ በመስመሩ በራሱ በጀት ውስጥ ይካተት። ብረቱና ሽቦው ተገምቶ በጀት እንደሚያዝለት ሁሉ መሬቱም የመስመሩ ዋጋ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለ4 ዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተደርጓል፤ ተጠቃሚው እየከፈለ ነው። ካሣው በተጠቃሚዎች ሁሉ ላይ ቢከፋፈል ለአንዱ ደንበኛ ጥቂት ሳንቲም ይሆናል፤ በአንድ ወረዳ በጀት ላይ ቢጫን ግን ወገብ ይሰብራል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በባንክ ዝግ ሂሳብ ይቀመጥ። ግምቱን የሚሠራው ወረዳ ቢሆንም አስቀድሞ በታወጀ ነጠላ ዋጋ ይሥራው። እንዲህ ከሆነ ማሻሻያው የፈራው የተጋነነ ግምት መላ ያገኛል፤ ገበሬውም ተስፋ ሳይሆን ገንዘብ ይዞ ይፈርማል።

ሦስተኛ፣ የወደፊት መስመሮች ኮሪደር ቤት ሳይሠራበት በካርታ ላይ ይከለል፣ በአዲስ አበባና በሸገር የመሬት መዝገብ ላይም በጋራ ይመዝገብ። ዛሬ ባዶ መሬት ላይ መስመር ማስመር ቀለም ብቻ ይጠይቃል። ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ላይ መንደር ማንሳት ግን ገንዘብም እንባም ይጠይቃል።

አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። ግድቡን ለመገንባት 14 ዓመት ታግሶ፣ ቦንድ ገዝቶ፣ ከደመወዙ ያዋጣ ሕዝብ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በካሣ ክርክር ሊታገድ አይገባውም። ገበሬው መሬቱን በነፃ እንዲሰጥ፣ ክልሉ የሌላውን ሂሳብ እንዲከፍል ከመጠበቅ ይልቅ መብራቱን የሚያበራ ሰው የመንገዱን ዋጋ ቢከፍል ይቀላል። የኮልፌው ነጋዴ በናፍጣ ሲከፍለው የኖረው ከዚህ የሚበልጥ ነውና።