የአምስት ደቂቃዋ ሞተር ትቅርብን

ባለቤቷ ለሁለት ሦስት ወር ባሕር ማዶ ሲሄድ ግቢ ውስጥ የምትቀር መኪና መቼም ከየሰፈሩ አትጠፋም። ብዙውን ጊዜ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ናት። ሸራ ትለብሳለች፤ ቁልፏ ለቤቱ ልጅ ይሰጣል፤ ከቁልፉ ጋርም አንድ አደራ አለ፦ «ባትሪው እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ አስነሳት።»

ከእኛ መሀል ይህን አደራ ያልተቀበለ ጥቂት ነው። ሬዲዮ ከፍተን፣ መስታወት አስተካክለን፣ ለአምስት ደቂቃ ባለመኪና ሆነን እናውቃለን (መንጃ ፈቃድ ሳይኖረን ጭምር፤ ይህቺ በመሀላችን ትቅር)። ዛሬ ግን ትልልቆቻችንን ይቅርታ ጠይቀን አንድ ነገር እንላለን። አምስት ደቂቃዋ ባትሪ አታድንም፤ ሰው ግን ልትገድል ትችላለች።

ከባትሪው እንጀምር። የቆመች መኪና ጨርሳ አትተኛም። አላርሟ፣ ሰዓቷና ኮምፒውተሯ ሌት ተቀን ጥቂት ጥቂት ይጠባሉ። ይህ ፍጆታ 50 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው ብንል እንኳ በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። 45 ብቻ ለሚይዝ ባትሪ ይህ ቀላል አይደለም። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ደግሞ ሞተሪኖው በአንዴ ከመቶ አምፒር በላይ ይስባል። ዲናሞው በአምስት ደቂቃ ይህን ይተካ ይሆናል፤ ቀንና ሌሊት የተጠባውን መልሶ ለመሙላት ግን ጊዜ አይበቃውም። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንዳት ሌላ ነገር ነው።

ቴስተር ያለው ይመልከት። መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ካረፈች በኋላ 12.6 ቮልት ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ከሆነ መሞላት አለበት፤ 12 ከደረሰ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚያ ሁኔታ ሳምንታት ከቆየ የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይደድራል፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጅ ቢደረግም እንደ ድሮው አይዝም።

ሰው ትገድላለች ያልነው ለማጋነን አይደለም። አንዱ ጓደኛችን ዝናብ እንዳይገባ ብሎ የጋራዡን በር ዘግቶ የአጎቱን መኪና አስነሳ። ራሱን ይዞ ወጣ፣ ደጅ ላይ አስመለሰው፣ ቀኑን ሙሉ ተኛ። በዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልነሱ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ከመኪናው ጭስ ጋር የሚወጣውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች መልሱ አንድ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መብራቱ ተዘግቶ፣ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትቶ ከባትሪው ማራቅ። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይሆናል፤ አለዚያ ፖዚቲቩን ስንፈታ ቁልፉ ቦዲ ከነካ እሳት ይተፋል። ጤነኛ ባትሪ እንዲህ ተፈትቶ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። (ሞተሩ እየሠራ ገመድ ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራል ወይ» ብሎ መፈተሽ የሚወዱ መካኒኮች አሉ። እባካችሁ፣ የዛሬ መኪና ኮምፒውተር አለው፤ ይቃጠላል።)

ቻርጀር መግዛት የሚችል ደግሞ ሲሞላ ራሱ ወደ 13.5 ቮልት ገደማ ዝቅ የሚለውን ይምረጥ። ከጎረቤት የምንዋሰው አሮጌው ቻርጀር መቆሚያ የለውም፤ ረስተነው ካደርን የባትሪውን ውሃ ያፈላዋል። ሲፈላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው አየር በሚገባበት ቦታ ነው፣ ከሲጋራና ከቡና ከሰል ርቆ። መቆንጠጫዎቹ ባትሪው ላይ ከተያዙ በኋላ ሶኬቱ ይሰካል፤ ሲነሳ ሶኬቱ ይቀድማል። ውሃ ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ፣ ይባስ ብሎም አሲድ አይጨመርም።

«እኔ የኤሌክትሪክ ነው የያዝኩት» የሚለንም አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ የሚሉን በዝተዋል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትነቃም። ለእነሱ ግን ቁልፍ ከማንሳት በፊት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይሻላል፤ አያያዙ ከመኪና መኪና ይለያያል።

ያ ጓደኛችን ከዳነ በኋላ አጎቱ ጋ ደውሎ ገመዱን ሊፈታ ፈቃድ ጠየቀ። አጎትየው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ሰዓቷ አይጠፋም ወይ?» አሉት።

ይጠፋል ጋሼ፣ አላቸው። ሲመጡ አስተካክልልዎታለሁ።