ለማን አስረከበ?

ባለፈው ግንቦት 13 ቀን ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ካሉት ወጣቶች አንዱ ስልኩን እያየ ቀኑን ለጓደኞቹ አስታወሳቸው። «ዛሬ እኮ መንጌ ሥልጣን የለቀቀበት ቀን ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «ምንም ይባል ምን፣ አዲስ አበባ በደም እንዳትታጠብ ብሎ ወንበሩን በፈቃዱ የተወ ሰው ነው» አለ። ጓደኞቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

አላስችል አለኝና ዞሬ፣ «ለማን አስረከበ?» አልኩት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሥልጣኑን ነዋ።»

ልጁ ሳቀ። የሚመልሰው አጥቶ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ትርጉም ስላልሰጠው የሳቀ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ ሳቅ ምክንያት ነው።

ግንቦት በገባ ቁጥር ይህ ክርክር ይመጣል። ሰውየው ጀግና ነበር፣ ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነበር፣ ሰውየው ቢቆይ ኖሮ ወደባችን አይሄድም ነበር። አንባቢ ሁሉንም ሰምቶታል፣ እኔም አልደግመውም። የያዝኩት አንድ ቃል ነው፣ «ለቀቀ» የሚለውን። ወዳጅም ጠላትም ሳያመነታ የሚጠቀምበት፣ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም የተለመደው ይህ ቃል ሐሰት ነው።

በአማርኛችን ቤት የለቀቀ ሰው ቁልፍ ያስረክባል። ሥራ የለቀቀ ሰው ደብዳቤ ያስገባል፣ በእጁ ያለውን ንብረት ቆጥሮ ያስረክባል፣ ክሊራንሱን ይዞ ይወጣል። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እንኳ ይህን ሳያደርግ ቢጠፋ «ለቀቀ» አንለውም፣ «ጠፋ» ነው የምንለው። ለመጋዘን ሠራተኛ የማንፈቅደውን ቃል ሀገርን የሚያህል ነገር ጥሎ ለሄደ ሰው የምንሰጠው በምን ሂሳብ ነው?

የሆነውን እንደሆነው እንናገር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሣ። የተነገረው ምክንያት በደቡብ፣ ብላቴ የሚገኘውን የወታደር ማሰልጠኛ ሊጎበኝ ነው የሚል ነበር። አውሮፕላኑ ግን ወደ ናይሮቢ ሄደ፣ እርሱም ከዚያ ሐራሬ ገባ። ሸንጎ አልተሰበሰበም። ሕዝቡ ድምፁን አልሰማም። ከአንድ ወር በፊት የተሾመውን ጠቅላይ ሚኒስትር ተስፋዬ ዲንቃን ለለንደኑ ድርድር አሳልፎ፣ ምክትሉን ጄኔራል ተስፋዬ ገብረኪዳንን ለፈረሰ ግንባር ትቶ ሄደ። ደም መፋሰስን ለማስቆም ሲባል ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ከሀገር ወጥተዋል የሚለው መግለጫ በሬዲዮ የተነበበው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬ ቡና ቤት ውስጥ እንደ ራሱ ውሳኔ የሚጠቀሰው «ደም እንዳይፈስ» የሚለው ሐረግ ከዚያ መግለጫ የተወሰደ ነው። የተተዉ ሰዎች ከተማው እንዳይታመስ ያወጁትን ለተዋቸው ሰው ክብር አድርገን ሰጠነው።

ብላቴ ውስጥ እነማን ነበሩ? ይህን ወጣቱ አያውቅም፣ እኩዮቼ ግን ያውቁታል። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ጦር ማሰልጠኛ የተላኩ ተማሪዎች ነበሩ። ስድስት ኪሎ ከፒያሳ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው፤ ከሰፈራችንም የሄዱ ነበሩ። መንግሥቱ ስማቸውን የመሸሻ ሰበብ አድርጎ ተነሣ፣ እነርሱ ግን ከነሥልጠናቸው ያለ አዛዥ፣ ያለ ትዕዛዝ ቀሩ። ብዙዎቹ በእግራቸው ኬንያ ገብተው ስደተኛ ሆኑ። ልጎበኛቸው ነው ያላቸውን ልጆች በረሃ ላይ ጥሎ በላያቸው የበረረ ሰው ምኑን ነው የለቀቀው?

ወታደሩ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ መኮብለል ይለዋል። ግዳጁን ጥሎ የሄደ ኮብላይ ነው። ይህን ቃል ከመንግሥቱ የጦር ኃይል የበለጠ በጭካኔ የተጠቀመበት የለም። በ1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸናቸው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አፍዓበት ወደቀ፣ የናደውም ዕዝ ተደመሰሰ። በግንቦት 1981 የተነሡበትን ጄኔራሎች አስይዞ ዓመት ያህል በችሎት ካመላለሳቸው በኋላ በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12ቱን አስገደላቸው። ሀገር አዳከሙ፣ ጦሩን ከዱ ተብለው ነው የሞቱት። ዓመት ያህል ቆይቶ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ራሱ ጦሩን ጥሎ ሄደ። እነዚያ ጄኔራሎች የሞቱበትን ሕግ ለእርሱ ስንጠቀምበት አድልዎ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። እስከ መጨረሻው ሰውና እስከ መጨረሻው ጥይት እንዋጋለን እያለ ሕፃን ከደብተሩ፣ ወጣት ከመንገድ እየታፈሰ ሲጫን የነበረው በእርሱ ትዕዛዝ ነው። ከዶሮ ማነቂያ ሲታፈስ እናቱ ከመኪናው ኋላ እየሮጠች የተከተለችውን ልጅ አውቀዋለሁ። አልተመለሰም። እናቱ እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ታድር ነበር።

ከግንቦት 13 በኋላ የሆነውንስ ማን ቆጥሮ ያውቃል? በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ያለ ራስ ቀረ። ከኤርትራ ግንባር የተበተነው በከረን አድርጎ ሱዳን ገባ፤ በየመንገዱ በውሃ ጥም የቀረው ቀረ። የባሕር ኃይላችን መርከቦች የመን ደረሱ። በዚያ ክረምት ፒያሳ ላይ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ እስከ ሰባ ደረጃ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ አንድ እግሩን ያጣ ሰው እጁን ዘርግቶ ታዩት ነበር። ትናንት «ቆራጥ» ሲባል የነበረው ወታደር ዛሬ ቁራሽ ለማኝ ሆነ። ወርቅ ቤቶቹ በር ላይ ቆሞ ሲለምን የሠራተኛ ሰፈር ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ አይቻለሁ። ርክክብ ቢኖር ኖሮ ይህ ሠራዊት የሚበተንበት ሥርዓት፣ ጡረታው የሚጠየቅበት ቢሮ፣ ስሙ የሚገኝበት መዝገብ ይኖረው ነበር። ማስረከብ ማለት ይህ ነው።

«አዲስ አበባ ግን ተረፈች» ይሉኛል። አዎ፣ ከፈሩት ያነሰ ደም ፈሰሰባት። ግንቦት 20 ንጋት ላይ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የተተኮሰውን ግን የሰማ ሰው አልፈሰሰም አይልም። ከተማዋን ያተረፈው መሪ አጥቶ መሣሪያውን እየጣለ ወደ እናቱ ቤት የሄደው ወታደር ነው። ያተረፏት የተኩስ አቁም ያወጁት ቀሪዎቹ ሰዎች ናቸው። ጄኔራል ተስፋዬ ኢጣሊያ ኤምባሲ ገብተው ሳይወጡ በ1996 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና ብርሃኑ ባየህ ከ29 ዓመት በላይ በዚያ ግቢ ተቀመጡ። ስለ እነዚህ ሰዎች ወንጀል ብዙ ማለት ይቻላል፣ እኔም ጠበቃቸው አይደለሁም፤ የቀሩት ግን እነርሱ ናቸው።

ደግሞስ ስለ አዲስ አበባ ደም ተጨነቀ የሚባልለት ማን ነው? በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ እየሰበረ የጠላትን ደም ያወጀ ሰው ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወርድ መንገድ ዳር የተጣለ፣ ወረቀት የተለጠፈበት አስከሬን አልፈን እንሄድ ነበር። አስተማሪዎቻችን ስንደርስ ስለ እርሱ አይጠይቁንም፣ እኛም አንናገርም። ማዕከላዊ እስር ቤት እዚሁ አራዳችን ውስጥ ነበር። ወላጅ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀባት፣ ለቅሶ የተከለከለባት ከተማ ይቺው ናት። ለደሟ ከተጨነቀ በ1969 እና በ1970 ነበር መጨነቅ የነበረበት። በ1983 የተጨነቀው ለአንድ ሰው ደም ነው።

ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ አልቀበልም። ነበረ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚሁ አህጉር ታይቷል። የቤኒኑ ማቲዩ ኬሬኩ እንደ መንግሥቱ ወታደር ነው፤ በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ፣ በኅዳር 1967 ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን የሀገሩ መንገድ ያደረገ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ሠራተኛው ደመወዝ ሲያጣ፣ በየካቲት 1982 ብሔራዊ ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤው ሥልጣኑን ሲገፈው ተቀመጠና ሰማ። በመጋቢት 1983 በምርጫ ተሸነፈ፣ ለኒሴፎር ሶግሎ አስረከበ፣ እዚያው ሀገሩ ቀረ። መንግሥቱ ወደ ብላቴ ነኝ ብሎ ከመነሣቱ ሁለት ወር ቀድሞ ማለት ነው። ኬሬኩን በ1988 ዓ.ም. ሕዝቡ በምርጫ መልሶ አመጣው፤ ሲሞትም ሀገሩ ነው የሞተው። መልአክ ነበር አላልኩም። ለማን አስረከበ ቢባል ግን በስም የሚጠራ ሰው አለ።

ፊደል ካስትሮም አለ። በመስከረም 1971 አዲስ አበባ መጥቶ ከመንግሥቱ ጎን ቆሞ ሰልፍ የተመለከተው፣ ወታደሮቹ ለእኛ ኦጋዴን ላይ የሞቱት፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ትግላችን ሐውልት የቆመላቸው። በየካቲት 2000 ዓ.ም. ከወንበሩ ሲነሣ ለሕዝቡ ደብዳቤ ጻፈ፣ ወንበሩም ለወንድሙ ተላለፈ። ለወንድም ማስተላለፍ ዴሞክራሲ አይደለም፤ ያን ያህል ዓመት መግዛትም ስህተት ነው። ቢሆንም ፊርማ አለበት፣ ተረካቢ አለው፣ ሰውየውም ሃቫና ነበር።

ከራሳችንም አለን። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ቀርበው፣ በራሳቸው አንደበት መልቀቂያ ማስገባታቸውን ተናገሩ፤ ተተኪ እስኪሰየምም ቢሯቸው ነበሩ። «ለቀቀ» የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለዚህ ነው። ያሳዘነኝም ለዚሁ ነው፦ በዚያው ዓመት ክረምት ለምርጫ ታዛቢነት ዚምባብዌ ሄደው ከመንግሥቱ ጋር የተነሡት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ ወዲያውም ተነሣ። ሥልጣን ማስረከብን ያወቀ ሰው ካላስረከበው ጎን ፈገግ ብሎ ሲቆም ልዩነቱ ለወጣቱ ይጠፋበታል። የከነከነኝ ይህ ነው፤ ልጁ ቡና ቤት ውስጥ የተናገረው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ወደብና ስለ ድኅረ 1983 የሚነሣውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የኋለኛው መንግሥት ክፋት የፊተኛውን አያነጻም፤ ወደቡንም ማጣት የጀመርነው ጦሩን ያለ መሪ በተወው ሰው ዘመን ነው። በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ የወደቀችው እርሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው።

ቡና ቤቷን ለቅቄ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ፊት ቆምኩ። ፋሽስት ተገዙልኝ ሲላቸው መሸሽም መስማማትም ይችሉ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን ሕዝባቸውን አትገዙ ብለው በዚህ አካባቢ በጥይት ተመቱ። በዚህ አደባባይ ልጆችን ይዘን ስናልፍ «እኚህ አባት ያልሸሹ ናቸው» እንላለን። ለሸሸው ደግሞ «ለቀቀ» ካልን፣ አለመሸሽ ምን ዋጋ እንደነበረው ልጆቹ ከምን ያውቃሉ?

መንግሥቱን የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ሞት ፈርዶበታል። ሁለቱም ችሎት ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ስለዚህ ለዚያ ወጣትም ለእናንተም የምለው አለኝ። በዚያ ሠራዊት ውስጥ የነበረ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ በሕይወት ሳለ ሂዱና ጠይቁት። ግንቦት 13 ቀን የት እንደነበረ፣ ዜናውን ከማን እንደሰማ፣ ስንት ቀን በእግሩ እንደሄደ። የሚነግራችሁንም ጻፉት።