መጋረጃው የሚወድቀው ለምንድን ነው?



መጋረጃ በቤታችን ውስጥ ጌጥ ብቻ አይደለም። በተለይ እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት ከተማ መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ስለሚውል የቤተሰቡን ሰትር የሚጠብቀው እሱ ነው። ነፋሱም ሲጎትተው ይውላል፤ ያ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው ደግሞ በሁለት ሚስማሮች ላይ ነው።

ሲቀላ ተከራይተን በምንኖርበት የጭቃ ቤት የመጋረጃችን ብረት ሁለት ጊዜ ወድቆ ነበር። በወደቀ ቁጥር እዚያው ቀዳዳ ላይ ከቀድሞው የወፈረ ሚስማር እመታለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ግን ያረፈው ባለቤቴ ጨቅላ ልጃችንን ገና ካነሳችበት ፍራሽ ላይ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጁ ተረፈ። በማግስቱ ጎረቤታችን የሆኑትን አዛውንት አናጢ ጠራሁ። ግድግዳውን ተመልክተው፣ «መምህር፣ አንተ እኮ የመታኸው ጭቃውን ነው፤ ቤቱን አልነካኸውም» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። የጭቃ ቤትን የሚሸከሙት ቋሚዎቹና ማገሮቹ ናቸው። ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገው ጭቃ ቤቱን ያለብሳል እንጂ ሚስማር አይዝም። ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል፤ የወፈረው ደግሞ ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ስለዚህ በቅድሚያ ቋሚውን እንፈልግ። ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ቀጭን ሚስማር ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጭቃ ከሆነ በቀላሉ ይገባል፤ እንጨት ከሆነ ይይዛል። እንጨቱ ውስጥ እየላላ ከገባ ግን ምስጥ በልቶታልና ሌላ ቋሚ ፈልጉ። በአካባቢያችን ምስጥ ቀላል ጠላት አይደለም። ከከተማችን በላይ በደጋው ያሉት የዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች እንኳ እግራቸውን ምስጥ ሲበላው፣ የተበላው እየተቆረጠ ቁመታቸው ያጥራል።

ደህናዎቹ ቋሚዎች ሲገኙ ከመስኮቱ የሚረዝም፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጣውላ ከመስኮቱ በላይ አጋድማችሁ ቢያንስ በሁለት ቋሚዎች ላይ በብሎን እሰሩት። ብሎኑ ጣውላውንና ጭቃውን አልፎ እንጨቱ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። መዶሻ ግድግዳውን ስለሚያናጋ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀድሞ መብሳትና በካቻቢቴ ማጥበቅ ይሻላል። የመጋረጃው ብረት መያዣ እንግዲህ የሚታሰረው ጣውላው ላይ ነው።

ቤታችሁ ብሎኬት ከሆነስ? ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ልስኑም ከተፈረፈረ አጭር ፊሸር ከነአሸዋው ይነቀላል። ከመስኮቱ በላይ የተጋደመ ኮንክሪት ካለ እዚያ ብሱ፤ ፊሸሩም ልስኑን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ ይግባ። ከመብሳታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦ በዚያ እንደማያልፍ አረጋግጡ። የሰፋውን አሮጌ ቀዳዳ ፍርፋሪውን ጠርጋችሁ፣ በውሃ አርሳችሁ በሲሚንቶና በአሸዋ ድፉት፤ እስኪጠነክርም አንድ ሳምንት ታገሱ።

በመጨረሻም መጋረጃውን ከመስቀላችሁ በፊት ብረቱን በእጃችሁ ወደ ታች ሳቡት። ከተነቃነቀ ወይም አቧራ ከረገፈ አልያዘም ማለት ነው። ብረቱ ረዥም ከሆነ መሐሉ ላይ ሦስተኛ መያዣ ጨምሩለት። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ግድግዳውን ከመንካታችሁ በፊት የቤቱን ባለቤት አስፈቅዱ።

የእኛ ጣውላ ከታሰረ ሁለት ዓመት ሆነው። ያ ጨቅላ ዛሬ መጋረጃው ላይ ሊንጠለጠል ይታገላል፤ ለእሱ ግን እስካሁን ብሎን አልተገኘለትም!