ዓይኔን የት ታስቀምጠዋለህ?

ባለፈው ዓመት በሮቤ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ነውር ብቻ አይደለምና። ከፊቴ የነበሩት እናት ከገጠር የመጡ ናቸው። ወጣቱ ሠራተኛ ከመሣሪያው ላይ ቀና ሳይል ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ባላቸው በሕይወት መኖር አለመኖሩን፣ የስልክ ቁጥራቸውን ጮክ ብሎ ጠየቃቸው። ከሃያ የማናንስ ሰዎች መልሳቸውን ሰማን። ቀጥሎ ጣቶቻቸውን መስታወቱ ላይ እንዲያሳርፉ ታዘዙ። ዕድሜ ልኩን ገብስ ያጨደ፣ የድንጋይ ወፍጮ የገፋ እጅ ነውና አሻራው አልነበብ አለ። ጠርገው አሳረፉ፤ ደግመው ጠርገው አሳረፉ። በመጨረሻ ዓይናቸው ሊነሣ ሲል በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ዓይኔን የት ታስቀምጠዋለህ?» አሉት። ልጁ ሣቀ። ወረፋውም ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ይህን የምጽፈው በዚያ ሣቅ ምክንያት ነው።

ፈረንጆች «ፕራይቬሲ» ለሚሉት ነገር አማርኛ ቃል የለውም ብለው የሚከራከሩ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም፤ ገበና አለን። ገበና ማለት ደግሞ ማንም የማያውቀው ምስጢር ማለት አይደለም። ጎረቤት ሊያውቀው ይችላል፤ አውቆ ግን ይሸፍነዋል። የሰውን ገበና ያወቀ ሰው ከዕውቀቱ ጋር አደራ ተቀብሏል። ልዩነቱ ያለው ማን ያውቃል በሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን ያወቀው ሰው ምን ያደርግበታል በሚለው ላይ ነው።

በልጅነቴ ወደ ሼክ ሁሴን የሚወርዱ መንገደኞች ባላ በትራቸውን ይዘው፣ ባህሮውን እያዜሙ ቤታችን ያድሩ ነበር። ጎባ ከተማ ከዳር ነበርን። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ነገር ግን የሼክ ሁሴን እንግዳ በራችን ላይ ቆሞ የተመለሰበትን ቀን አላስታውስም። እግር ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርባል። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከቡናው በኋላ ነው፤ እሱም እንግዳው ከፈቀደ። አንድ ሌሊት አንዲት ሴት ለእናቴ ስታወራላት፣ ስታለቅስም አደረች። የምን ስለት ይዛ እንደምትሄድ፣ ምን እንደደረሰባት ለእናቴ ነገረቻት። እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄአት ነበር፤ «የሰው ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ማሽን ይህን አያውቅም፤ ልናስተምረውም ያሰብን አንመስልም። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሠሪዋ የሆንግ ኮንጉ ሐንሰን ሮቦቲክስ ነው፤ በሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ እጅ አለበት። የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ መጥፋቱን፣ አማርኛ መሞከሯን ሁሉ አውርተን ጠገብን። ዓይኖቿ ካሜራ ናቸው፤ የሰው ፊት ይለያሉ፣ ይከተላሉ። ያየችውን የት ታስቀምጠዋለች ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። የሮቤዋ እናት በቦታው ቢኖሩ ኖሮ ይጠይቁ ነበር።

ጥያቄያቸው የዋህነት እንዳይመስለን አንድ ታሪክ ላንሣ። አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩምባ የሚሰኝ፣ ወለል ለወለል እየዞረ ቤት የሚጠርግ ሮቦት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ገና በሙከራ ላይ የነበሩ ሩምባዎች በሰዎች ቤት ውስጥ ካነሷቸው ምስሎች አንዱ በመጸዳጃ ቤት የተቀመጠች ሴት ያሳያል። ምስሎቹ ለማሽኑ ማስተማሪያ እንዲሆኑ ምልክት የሚያደርጉባቸው ቬኔዝዌላ ያሉ ሠራተኞች ዘንድ ደረሱ፤ ከዚያም በማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ ተለጠፉ። ይህን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ያጋለጠው ኤም አይ ቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለው መጽሔት ነው። የኩባንያው መልስ ምን ነበር? ለሙከራ ፈቅደው ፈርመዋል የሚል። መፈረማቸው እርግጥ ነው። ባዕድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚያያቸው ግን ፈራሚዎቹ አላሰቡም። ገበናዋን ያየው ሮቦቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከሮቦቱ ኋላ ሰው ነበር።

እዚህ አገር ትልቁ ስብስብ ፋይዳ ነው። የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። ጥቅሙን አልክድም። የቀበሌ መታወቂያ አጥቶ ከባንክ ደጅ የተመለሰ የገጠር ሰው «አለሁ» የሚልበት ማስረጃ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙም ጥሩ ስም ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይገባል። የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጣ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ተከተለው። መሰብሰቢያው ቀደመ፣ መጠበቂያው ዘገየ። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ከደነገገ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁን ሕጉ አለ፤ ባለ ዳታው መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን ለእነዚያ እናት የነገራቸው ማነው?

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል። የዓይን ብሌን አይለወጥም። ስለዚህ ዓይን የሚወስድ ሰው ከወረቀት ተቀባይ የበለጠ ዕዳ አለበት ባይ ነኝ። የምለው ደግሞ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በጠያቂና በተጠያቂ መካከል አንድ መጋረጃ ይሰቀል። ጥያቄው በዝግታ ይጠየቅ። ምን እንደሚወሰድ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሲሳሳት ወዴት አቤት እንደሚባል ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ፣ በባሌ በኦሮምኛ፣ ከመስታወቱ በፊት ይነገረው። ነገሩን ለማፋጠን ይህ ሁሉ ይቀር የሚሉ አሉ፤ የወረፋው ማጠር ለእኛ ለተጠቃሚዎች ምቾት ነው ይላሉ። ምቾት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የማንጠይቀውም በእሱ ምክንያት ነው።

ያን ቀን ሠራተኛው ሣቁን ጨርሶ «ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፣ አዴ» አላቸው። እሳቸውም ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ተራዬ ደረሰ። ጥያቄያቸውን ልደግመው አስቤ ነበር። ከኋላዬ ያለው ወረፋ እስከ በር ደርሶ ነበርና፣ ዓይኔን ለመስታወቱ ሰጥቼ ዝም አልሁ።