አጥብቆ ስለ ታሰረ ስብራት



ሕፃናት ባሉበት ቤት መውደቅ አይቀርም። ልጅ ዛሬ ከዛፍ፣ ነገ ከደረጃ፣ ከነገ ወዲያም ከፈረስ ጀርባ ይወድቃል። በሚወድቅበትም ጊዜ ራሱን ለመደገፍ እጁን ስለሚዘረጋ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ክንዱ ነው። ወላጆች በዚህ ሰዓት እጅግ የሚጨነቁት ስለ ዐጥንቱ መሰበር ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናሳስብ የወደድነው ከስብራቱ ይልቅ ስለሚያስፈራው ነገር፣ ይኸውም ስለ ማሰሪያው ነው።

አስቀድሞ ሦስቱን ጉዳቶች እንለይ። ዐጥንትን ከዐጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሲሳብ ወይም ሲበጠስ ወለምታ ይባላል። የዐጥንቱ ራስ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ውልቃት ይባላል። ዐጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ለሁለት ሲከፈል ስብራት ይባላል። ሦስቱም ያሳብጣሉ፤ ሦስቱም ያሳምማሉ። ስለዚህ በዓይን አይቶና በእጅ ዳስሶ ብቻ መለየት ለዐዋቂም ያስቸግራል። የጀርመኑ ሊቅ ዊልሔልም ሮንትገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ራጅን ካገኘ ወዲህ ግን ሐኪም ዐጥንቱን ከነስንጥቁ ለማየት ችሏል።

ዐጥንት እንደ ደረቅ እንጨት የሞተ ነገር አይደለም። ደም የሚመግበው ሕያው አካል ስለ ኾነ፣ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ዕረፍት ካገኘ ራሱን በራሱ ይጠግናል። የሕፃን ክንድ በጥቂት ሳምንታት፣ የጐልማሳ ጭን ግን በወራት ይጋጠማል። የወጌሻም ኾነ የሐኪም ሥራ ዐጥንቱን አስተካክሎ እንዳይነቃነቅ መያዝ ነው።

አደጋው የሚመጣው በጡንቻው በኩል ነው። በክንድና በባት ውስጥ ያሉት ጡንቻዎች የማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ለብሰዋል። ዐጥንት ሲሰበር በውስጥ ደም ይፈስሳል፤ እብጠትም ይከተላል። እብጠቱ በወደቀበት ሰዓት አያበቃም፤ በማግስቱና በሠልስቱ ይጨምራል። ስለዚህ ቀን ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ ጠባብ ይኾናል። ቀርከሃው አይለጠጥም፤ ገመዱም በራሱ አይላላም። በውስጥ ያለው ግፊት እየበረታ ሄዶ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። ጡንቻ ደም ካጣ በኋላ 6 ሰዓት ያህል ጊዜ ካለፈ የማይመለስ ጉዳት ያገኘዋል። እንግዲህ ማታ በ2 ሰዓት የጠበቀ ማሰሪያ እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ሳይነካ ቢያድር፣ 10 ሰዓት ማለፉን አንባቢ ያስላው።

ሪኻርድ ፎን ፎልክማን የተባለው የጀርመን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ይህንን ገልጦ ጽፏል። አጥብቆ የታሰረ ክንድ ደም ሲያጣ ጡንቻው እንደሚሞት፣ በኋላም እንደሚኰማተርና ጣቶቹን እንደ ጥፍር አጣምሞ እንደሚያስቀራቸው አስረድቷል። ይህም ቀላሉ ነው፤ የባሰበት ክንድ ጠቍሮ ይሞታል፤ ያን ጊዜ የልጁን ሕይወት ለማዳን እጁን ከመቍረጥ በቀር ሌላ መንገድ አይገኝም። የሀገራችን ሐኪሞች ከጻፏቸው ጥናቶች እንደምንረዳው፣ በኢትዮጵያ የልጆችን እጅና እግር ለመቍረጥ ከሚያደርሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው አጥብቆ ማሰር ነው።

ይህ ጥፋት በግዴለሾች ቤት ብቻ የሚደርስ አይምሰለን። ልጃቸውን እጅግ በሚወዱ፣ ሥርዐትንም በሚያከብሩ ሰዎች ቤት ይደርሳል። ስመ ጥር ወጌሻ ተጠርተው ይመጣሉ፤ አስረውም «እስከ ሦስት ቀን እንዳይነካ» ብለው ይሄዳሉ። ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ አባት «ወንድ ልጅ ነህ፤ ቻለው» ይላል። እናት አንጀቷ እየተላወሰ፣ ታላቅ ሰው ያሰረውን መፍታት ድፍረት መስሎ ይታያታል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ዝም ሲል «ተሻለው» ተብሎ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ዝም ያለው ሥጋው ስሜቱን ስላጣ ሊኾን ይችላል። ስለዚህ ከታሰረ በኋላ የሚብስ ሕመም የሚናገረው ነገር ስላለው፣ በተግሣጽ ዝም ልናሰኘው አይገባም።

ስለዚህ እጅ ወይም እግር በታሰረበት ቤት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትም ቢኾን እየተነሡ እነዚህን ምልክቶች መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምር እንደ ኾነ፤ ሁለተኛ፣ ጣቶቹን በቀስታ ሲዘረጉለት አብዝቶ የሚጮኽ እንደ ኾነ፤ ሦስተኛ፣ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢገረጡ ወይም ቢጠቍሩ፤ አራተኛ፣ ቢደነዝዙ ወይም ማንቀሳቀስ ቢያቅተው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ ይበቃል። የእጁ ትርታ ስለሚሰማ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይገባም፤ ጡንቻው እየሞተ ትርታው ሊሰማ ይችላልና።

ምልክቱ በታየ ጊዜ ማሰሪያውን በሙሉ እስከ ቈዳው ድረስ መፍታት ነው። እጁን በልቡ ትክክል አድርጎ ይዞ፣ ሳይነጋም ቢኾን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያሻል። ሐኪሙ ካስፈለገ የጡንቻውን ሽፋን በመቅደድ ግፊቱን ያቃልላል። «ብንፈታው ዐጥንቱ ይጣመማል» የሚሉ አሉ። የተጣመመ ዐጥንት ዳግመኛ ሊቃና ይችላል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም።

ገና ከመነሻውም ጥቂት ጥንቃቄ ብዙ ጥፋት ይከለክላል። አምባርና ቀለበት እብጠቱ ሳይበረታ ይውለቅ። የተሰበረው ቦታ በቅቤ አይታሽ። ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ በጥጥ ወይም በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ጣውላ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች እንዲይዝ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ማሰሪያው ጣት የሚያሳልፍ ይኹን፤ የልጁም ጣቶች ጫፋቸው ይታይ። ዐጥንቱ ቈዳውን ቀድዶ የወጣ እንደ ኾነ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ፈጥኖ መሄድ ነው።

ይህን ስንጽፍ ወጌሾችን ለመንቀፍ አይደለም። ሐኪም በሌለበት አገር ሕዝቡን ሲረዱ ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ኢቫን ቶማስ የተባለ ስመ ጥር ወጌሻ ነበረ። እርሱም አምስቱን ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማራቸው። ከእነርሱ አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ የአባቱን የእጅ ጥበብ ከትምህርቱ ጋር አስተባብሮ፣ ለተሰበረ ጭን የሚኾን የብረት መደገፊያ ሠራ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ይህ መሣሪያ ብዙ ወታደሮችን ከሞት አዳነ። በሀገራችንም ለወጌሾች አጭር ትምህርት በተሰጠበት ስፍራ፣ የሚቈረጡት እጆችና እግሮች ቍጥር መቀነሱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 የታተመ ጥናት አስረድቷል።

እንግዲህ የሥልጣንና የመደመጥ ዕድል ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ በየምትገዙበትና በየምትኖሩበት ስፍራ ወጌሻውንና ሐኪሙን እንድታገናኙ እንለምናለን። በየቤታችሁም ይህን ቃል ለሞግዚቷም ለዘበኛውም ንገሩ፦ የታሰረ ልጅ ሌሊት ቢያለቅስ፣ አስቀድመው ጣቶቹን ይዩ።