ማርከሻው መድኃኒትና የደም መርጋት ምርመራ

በየቤቱ ከማይጠፉት መድኃኒቶች አንዱ ፓራሲታሞል ነው። በልኩ ሲወሰድ ሕመምንና ትኩሳትን ያስታግሣል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጉበትን ይጎዳል። ጤነኛ ዐዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም።

ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ግን ይበልጥ የሚያድነው ፍሬው ከተዋጠ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲጀመር ነው። በአርብ ገበያ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መላክ ቢያስፈልግ መንገዱም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ «እስኪ ይደር» ማለት አይገባም።

ደምን የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ነው። በመሆኑም ሐኪሙ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በማስለካት የጉበቱን ጉዳት ይከታተላል። ይሁን እንጂ ማርከሻው ራሱ ይህን ጊዜ በጥቂቱ ያራዝማል። አይ ኤን አር የሚባለው ልኬት በጤነኛ ሰው 1 ገደማ ሲሆን፣ ጉበቱ ሳይጎዳም በመድኃኒቱ ምክንያት ወደ 1.3 አካባቢ ከፍ ሊል ይችላል።

እንግዲህ አስታማሚዋ «ደሙ ቶሎ አልረጋም» ሲባል ብትሰማ፣ ተስፋ ቆርጣ መድኃኒቱ ይነቀል ወይም ወደ ቤት እንመለስ ማለት አይኖርባትም። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ጉበቱ እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል በቸልታ አይታለፍም፤ ሐኪሙ ከሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች ጋር አስተያይቶ ይወስናል። የእርሷ ድርሻ ምን ያህል ፍሬ በስንት ሰዓት እንደተዋጠ ሳትደብቅ መናገር ነው። ባዶውን ማሸጊያ ይዛ ብትሄድ ደግሞ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።