ሱፉ ከፋሲካ በኋላም ገበታ ላይ ይቆይ

ድሬዳዋ በግንቦት ቀትር ላይ ጭር ትላለች። በከዚራ ሰፈር ባጃጆቹ የዛፍ ጥላ ይዘው ይቆማሉ፣ በመጋላ ሱቆቹ በራቸውን ይዘጋሉ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ጋደም ይላል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ሥራ መፍታት እዚህ በስንፍና አይቆጠርም፤ የከተማው ልማድ ነው። በዚያ ሰዓት ዕረፍት የማታገኝ አንዲት ሰው ግን በየግቢው አለች። ቆርቆሮ ጣሪያው በሚግል ማድ ቤት ውስጥ፣ የከሰል ምድጃ ፊት ቆማ ወጥ የምታማስል ሴት።

የሙቀት ወቅት ምግብ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለሚበላው ሰው ነው። ምን ቢበላ ይቀለዋል፣ ምን ቢጠጣ ይረካል ይባላል። እኔ ጥያቄው ከምድጃው ወገን መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ምግቡን የምትሠራው ሴት ስንት ሰዓት እሳት ፊት ትቆማለች? በዚህ ሀሩር ቀላል ምግብ የምለው መልሱ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጠውን ነው።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በግንቦት ወር አንድ ቀን የአባቴ ዘመዶች ከአዲስ አበባ መጡ። እማዬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ዶሮ ወጥ ጠባዩ ይታወቃል። ሽንኩርቱ በዝግታ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ቅቤው ይከተላል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ትንሽ ዞር ካሉ ደግሞ ያርራል። ስድስት ሰዓት ገደማ ውሃ ልቀዳ ገንቦው ጋ ስሄድ ማማሰያው ሲወድቅ ሰማሁ። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ግንባሯ በቀዝቃዛ ላብ ርሷል። ስጠራት ታየኛለች፤ መልሱ ግን ዘገየባት።

ጮኬ ጎረቤታችንን ጠራሁ። መጥታ መቀነቷን ፈታችላት፣ ጥላ ሥር አስተኛቻት፣ ነጠላዋን ውሃ ነክራ አንገቷና ብብቷ ላይ አደረገችላት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ስኳርና ቁንጥር ጨው በጥብጣ፣ ሎሚ ጨምቃበት በትንሽ በትንሹ አጠጣቻት። ላብ የሚወስደው ውሃውን ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይሄዳል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር፤ ጎረቤታችን ግን ታውቅ ነበር። እማዬ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነቃ አለች። የሰውነቷ ትኩሳት እየጨመረ ሄዶ ወይም ንግግሯ ተዛብቶ ቢሆን ኖሮ በስኳር ውሃ የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ ሐኪም ቤት መሮጥ ነበረብን።

ወጡን ጎረቤታችን ጨረሰችው። እንግዶቹ በሉ፣ አመሰገኑ። እማዬ አልቀመሰችውም።

በማግስቱ ጎረቤታችን በጣባ የሱፍ ፍትፍት ይዛ መጣች። እማዬ አየችውና፣ «በበዓለ ሃምሳ ሱፍ?» አለች። ገና ፋሲካ ካለፈ አንድ ወር አልሞላም። «እትዬ፣ ሆድዎ ዛሬ ሌላ ነገር አይቀበልም፤ እስኪ ይቅመሱት» አለቻት። እማዬ ጣባውን ባዶ አደረገችው።

ያ «በበዓለ ሃምሳ ሱፍ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሙቀት ወቅት ምግብ አጥተን አናውቅም፤ የጾም ብለን ቆልፈንበት ነው እንጂ። የ55 ቀኑ ዓቢይ ጾም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ላይ ይውላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበታችን ላይ ሱፍ፣ ተልባ፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ ቲማቲም ፍትፍት ይፈራረቃሉ፤ ሁሉም ሳይሞቁ የሚበሉ ናቸው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና ሁሉም ወደ ጓዳ ይመለሳሉ። እንደ ድሬ ባለ ቆላ ከተማ እውነተኛው ንዳድ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው። ግንቦት አብዛኛው ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚወድቅ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ቀዝቃዛው ምግብ እጅግ በሚያስፈልግበት ወር ጨርሶ ከቤት ይጠፋል፤ እኛም በ35 ዲግሪ ቅቤ እናቁላላለን።

ፋሲካን የመሰለ በዓል በዶሮ ይከበር፤ ይህን የሚነካ ቃል የለኝም። የምናገረው ከበዓሉ በኋላ ስላሉት ተራ ቀናት ነው።

ሱፍ የሚያስቸግር የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። እናቶቻችን በሙቀጫ ሲወቅጡት ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ብሌንደር ያለው ቤት ሥራው ሩብ ሰዓት ነው። ለአራት ሰው ሁለት ብርጭቆ ሱፍ በቂ ነው። ድንጋይና ገለባው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይፈላል። ውሃው ይደፋና ሱፉ በቀዝቃዛ ውሃ ይፈጫል። ከዚያ በጥሩ ወንፊት ወይም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጣራል። እጅ ጨርቁን ሲጨምቀው የሚወርደው ውሃ ወተት ይመስላል፤ ነጭ ሆኖ ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላ፣ ላዩ ላይ ስስ አረፋ ያለው። አንድ ጊዜ ጨምቆ ገለባውን መጣል ብክነት ነው። ውሃ ጨምሮ ሁለተኛም ሦስተኛም መጭመቅ ይቻላል፤ የመጨረሻው ሲቀጥን ይተዋል። ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዝንጅብልና ጨው ይገባበታል። እንጀራው ሊበላ ሲል ይፈተፈታል። ቀደም ብሎ ከተፈተፈተ ይላሽቃል፤ የሱፍ ፍትፍት ጣዕሙ እንጀራው ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ሲተው ነው።

የውሃው ቅዝቃዜ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ፍሪጅ ያለው ይጠቀም። መብራት ሲጠፋ ግን ገንቦ አለ። በሸክላው ውስጥ ውሃው ወዛ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ገንቦው ጥላ ላይ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ከተቀመጠ ውስጡ ያለው ውሃ ጉሮሮ ሳይቆርጥ ያረካል። በላስቲክ ጀሪካን ይህ አይገኝም።

አዚፋ ከሁሉም ይልቅ የሥራ ሰው ምግብ ነው። ድፍን ምስሩ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሣ ይቀቀላል፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ በግማሹ ደቀቅ ተደርጎ በስናፍጭ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በጥቂት ዘይት ይታሻል። ምስር ብረት አለው፤ ሎሚው ደግሞ ሰውነት ያን ብረት እንዲወስድ ያግዘዋል። ከምግቡ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ሻይና ቡና ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ጥሩ ነው። ጾም ካልሆነ የተቀቀለ እንቁላል ተቆራርጦ ላዩ ላይ ሲገባ ምሳ ብቻውን ሙሉ ይሆናል። አይብም ያምርበታል።

ተልባ ለብ ብሎ ተቆልቶ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ተቀምሞ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ በማር ከተበጠበጠ ደግሞ መጠጥ ነው። ከተፈጨ በኋላ ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ይሻላል። ውሃ ስለሚስብም ወፍራም አድርጎ ጠጥቶ ሌላ ውሃ አለመጠጣት ሆድ ያደርቃል።

ስለ በሶ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የመንገደኛና የወታደር ስንቅ ሆኖ የኖረ ነው። ገብሱ አንድ ቀን ተቆልቶ ከተፈጨ ወር ሙሉ እሳት አይፈልግም። ዓረብ አገር የምትሠራ እህቴ ሰው በመጣ ቁጥር የምታስልከው በሶ ነው። ከሥራ ስትመለስ ሌላ ምድጃ ማቀጣጠል ስለማትችል በጠርሙስ በጥብጣ፣ ቁንጥር ጨው ጨምራበት ትጠጣዋለች። ከዚህ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሳስብ ያሳዝነኛል። በተለመደው 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰፈራችን ውስጥ ግን ልጅ ውሃ ጠማኝ ሲል ገንዘብ ተሰጥቶት ወደ ሱቅ ይላካል።

በዚህ ሁሉ ምግብ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ሙቀቱ ራሱ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ይመክራል፤ በድሬ ቀትር ይህም ብዙ ነው። ጠዋት የታሸ አዚፋ ክዳን ተደርጎበት ቁምሳጥን ላይ እስከ ማታ መዋል የለበትም። ምስሩን ቀቅሎ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት፣ ሽንኩርቱንና ሎሚውን ሊበላ ሲል መጨመር ነው። ፍሪጅ የሌለው ቤት ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ይቀቅል። ሱፉም እንዲሁ። ስልጆ ኮምጥጦ ስለሚሠራና ስናፍጭ ስላለበት ቀናት ይችላል፤ አያቶቻችን ያለ ፍሪጅ ያቆዩት ለዚህ ነው። ሳይበስሉ የሚበሉት ቲማቲምና ሰላጣ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። የተቅማጥ በሽታ በሚበዛበት ወቅት ውሃው የማያስተማምን ከሆነ ሰላጣው ይቅር፤ ልጣጩ የሚላጥ ማንጎ ወይም ፓፓያ ይተካው።

ሽማግሌና አሮጊት ያለበት ቤት ሌላም ነገር ልብ ይበል። ዕድሜ ሲገፋ የውሃ ጥም ስሜት ይዳከማል፤ ሰውነታቸው ደርቆ እንኳ አልጠማኝም ይላሉ። «ውሃ ልስጥዎት?» ተብለው ሲጠየቁ እንቢ የሚሉት፣ ፍትፍት ሲቀርብላቸው ግን ሳይሰማቸው ብዙ ውሃ ይወስዳሉ። ለእናቴ ይህን ዘዴ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ከምግቡም ከአሠራሩም በላይ የሚከብደው ግን ይሉኝታው ነው። ለእንግዳ ቀዝቃዛ ምግብ ማቅረብ ንቀት ይመስለናል። ክብር የሚለካው በትኩሱና በቅቤው ነው፤ «ምን ሠራችልህ?» ሲባል ሱፍ ፈተፈተችልኝ የሚል መልስ ቤቱን ያሳፍራል ተብሎ ይታሰባል። እንግዳው ራሱ በላብ ተጠምቆ፣ ግማሽ ጉርሻ አንሥቶ፣ «ሙቀቱ የምግብ ፍላጎት ነሣኝ» ብሎ ሲያፈገፍግ እያየን እንኳ ትኩሱን እንጨምርለታለን። ማድ ቤቱ ውስጥ የቀለጠችው ሴት ግን በዚህ የክብር ስሌት ውስጥ የለችም። ይህ ልማድ ያስቆጣኛል፤ ምክንያቱም ማማሰያው ሲወድቅ ሰምቻለሁ።

ዘንድሮ ግንቦት እነዚያው ዘመዶቻችን መጡ። ከሽማግሌዎቹ የቀረው አጎቴ ብቻ ነው። እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምስር ቀቀልኩ፣ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ሱፉን ጨምቄ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ምድጃው ጠፍቶ ነበር። ቀትር ላይ የሱፍ ፍትፍቱ በሰፊው ሳህን፣ አዚፋው ከእንቁላሉ ጋር፣ አይብና ቃሪያ፣ የተቆረጠ ማንጎ ቀረበ። አጎቴ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ሁለቴ ወደ ማድ ቤቱ በር አየ፤ ገና የሚመጣ ነገር ያለ መስሎት ነው። ከዚያ እማዬ የት እንዳለች ሊጠይቀኝ ዞር ሲል አጠገቡ ተቀምጣ አገኛት። ነጠላዋ ንጹሕ ነበር፣ ፊቷ ላይ ላብ የለም። በዚያ ቤት ከእንግዳ ጋር እኩል ገበታ ስትቀርብ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እጇን ወደ ሱፉ ሰደደች፣ ውሃው በጣቶቿ መሃል እየተንጠባጠበ ጠቅለል አደረገችና አጎቴን አጎረሰችው።

«እንዴት ነው?» አለችው።

እሱ እያኘከ ሳህኑን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ።